ጣርማበር ላይ የሚታፈነው ፊያት 124 ስፖርት፦ ጥፋቱ የጂግለሩ ነው?

ነገሩ የአንድ የኢንተርኔት የውይይት ክር ነው፤ ምላሾቹን በተራቸው አልፋቸዋለሁ። ክሩን የከፈተው ሰው መኪናው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው የሚያድረው። እ.ኤ.አ. የ1968 ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ፤ 1438 ሲሲ፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ባልቦላ የሚከፍቱ ሁለት ካምሻፍት፣ አንድ ባለ ሁለት ጉሮሮ ዌበር ካርቡራተር፣ አራቱም እግር ላይ የዲስክ ፍሬን። ጥያቄው ቁጥብ ነበር። መኪናው ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ እስከ አርማኒያ ደህና ይጎትታል፤ ደብረ ሲናን ካለፈ በኋላ ግን እየታፈነ ይሄዳል፣ ጣርማበር አፋፍ ሲደርስ በማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላዎቹ ሲፈቱ ጥላሸት ለብሰው ይገኛሉ። ደብረ ብርሃን ቆሞ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሲሠራም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። የመጀመሪያው ጉሮሮ ዋና ጂግለር (ቤንዚኑን በልክ የሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) ላይ 120 የሚል ቁጥር ተመትቷል። አንድ ጋራዥ 110 አስገባበት ብሎታል፤ ላስገባ ወይ ነው ጥያቄው። በመጨረሻው መስመር ላይ፣ እግረ መንገዱን፣ ቁልቁል ሲወርድ ደብረ ሲና አካባቢ የፍሬኑ ፔዳል እንደሚላላበት ጠቀሰ። ያቺን መስመር ለአሥር ምላሽ ያህል ማንም ዞር ብሎ አላያትም። እኔን ከሁሉ የገረመኝ ይኼ ነው።

1ኛው ምላሽ ጨዋ ነበር። ሰላምታ አቅርቦ ነገሩን ከከፍታው ጀመረው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ያለ አየር ክብደቱ የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ በየዙሩ የሚስበው አየር በይዘት ያው ሆኖ በክብደት በሩብ ያንሳል። ካርቡራተር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ በጉሮሮው የሚያልፈው አየር በሳበው ልክ ቤንዚኑን ይሰጣል። ቤንዚኑም ይቀንሳል፣ የአየሩን ያህል ግን አይቀንስም። በዚህ ምክንያት ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራተር ደብረ ብርሃን ላይ 15 ከመቶ ያህል ቤንዚን ያበዛል። 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት ትርፉ 6 ከመቶ አካባቢ ነው። ጂግለሩ ይነስ መባሉ ልክ ነው አለ፤ 110 ግን በዛ ብሎ ምክንያቱን ሳይናገር ተወው።

2ኛው ሰው በሒሳቡ ተስማማ፣ በቅደም ተከተሉ ተጣላ። ጂግለር መጨረሻ የሚነካ ነገር ነው ባይ ነው። በእኔ ግምት ከክሩ ውስጥ ታትሞ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ የሚገባው ይህ ምላሽ ነው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮው ይፈታ፤ በበጋ አቧራ የተደፈነ ፊልትሮ ብቻውን ቤንዚን ያበዛል። ሞተሩ ሲሞቅ የቾኩ (በብርድ ማስነሻ አየር የሚቀንሰው) ቅጠል ቀጥ ብሎ መቆሙ በዓይን ይታይ፤ ሽቦው ትንሽ ከያዘው ቾኩ ሁልጊዜ በከፊል እንደተሳበ ነው። ቀጥሎ የካርቡራተሩ ክዳን ይነሳና የተንሳፋፊው ከፍታ ይለካ። ክዳኑ ተገልብጦ ተንሳፋፊው በራሱ ክብደት መርፌውን ሲዘጋ፣ በቤንዚን መግቢያው በአፍ ቢነፋ ምንም ማለፍ የለበትም። መርፌው ወጥቶ ጫፉ በጥፍር ይዳሰስ፤ ጥፍር የሚይዝ ቀለበት ከተገኘ መርፌውና መቀመጫው አብረው ይቀየራሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ጥቅም የለውም።

ከዚያ ወደ ባልቦላው፣ አየር ወደሚያስገቡትና ጭስ ወደሚያስወጡት መዝጊያዎች፣ ሄደ። ሞተሩ አድሮ በቀዘቀዘበት ጠዋት የመግቢያው ክፍተት 0.45፣ የመውጫው 0.50 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በዚህ ሞተር ክፍተቱ በካቻቢቴና በዳዶ አይስተካከልም። ከካሙ ሥር ክብ የብረት ሳህን አለች፤ ሳህኖቹ በ0.05 ሚሊ ሜትር እየተለያዩ ይሠራሉ። ስምንቱም ተለክተው ወረቀት ላይ ይጻፉ፣ ሳህኖቹም በማይክሮሜትር ይለኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዷን ሳህን ከአንዱ ባልቦላ ወደ ሌላው በማዛወር ግማሹ ሥራ ያልቃል፣ የሚገዛው አዲስ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ይሆናል። የመጨረሻው እሳት፣ ማለትም ካንዴላው የሚለኩስበት ሰዓት ነው፦ የፑንቲናው (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው) ክፍተት 0.40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን፣ ከዚያ የሞተሩ ፊት ላይ ባሉት የ10፣ የ5 እና የዜሮ ዲግሪ ምልክቶች በመብራት ይታይ። ፑንቲናውን ከነካህ በኋላ እሳቱን አለማየት ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው፤ ክፍተቱ ሲቀየር የእሳቱም ሰዓት አብሮ ይቀየራልና። ይህ ሁሉ ተሠርቶ ጭሱ ካልጠፋ ያኔ ስለ ጂግለር እናውራ ብሎ ጨረሰ።

3ኛው አጭር ነው። ካንዴላ ጥቁር ነው ማለት ብቻውን ምንም አይናገርም አለ። አፋፍ ላይ ደርሶ አምስት ደቂቃ በሚኒሞ ቆሞ የተፈታ ካንዴላ የሚናገረው ስለ ሚኒሞው ነው። ትክክለኛው መንገድ ዳገቱ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ፔዳሉን ተጭኖ ሳለ ፍሪሲዮን ረግጦ ቁልፉን ማጥፋት፣ ዳር ይዞ መቆምና እዚያው መፍታት ነው፤ ከኋላ መኪና አለመኖሩን አይቶ። የነጩ ሸክላ ቀለም የደረቀ ቡና ገለፈት ከመሰለ ደህና ነው፤ ጥቁርና ደረቅ ዱቄት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ጥቁርና ቅባት ያለው ከሆነ ዘይት ነው፣ ያ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው።

4ኛው ወደ 1ኛው ምላሽ ተመልሶ የተተወውን ምክንያት አሟላ። የጂግለር ቁጥር የቀዳዳው ስፋት ነው፣ በመቶኛ ሚሊ ሜትር፤ 120 ማለት 1.20። የሚያልፈው ቤንዚን ከቀዳዳው ስፋት ካሬ ጋር ስለሚሄድ ቁጥሩ ትንሽ ሲነካ ለውጡ ይበዛል። 120ው ለባሕር ጠረፍ ልክ ነበር ብለን እንነሳ አለ። 112 ቢገባ ደብረ ብርሃን ላይ ቅልቅሉ ፍጹም ይሆናል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ግን 7 ከመቶ ይሳሳል። በቆላ ሙቀት፣ ሰው ጭኖ፣ ዳገት ጀምሮ የሳሳ ቅልቅል ማለት የሚንኳኳ ሞተርና የሚቃጠል የመውጫ ባልቦላ ማለት ነው። 110ማ ሲሆን 11 ከመቶ ይደርሳል። 115 ቢገባ ደጋው ላይ 6 ከመቶ ያህል ይበዛል፣ ቆላው ላይ 2 ከመቶ ያህል ያንሳል። ቤንዚን ትንሽ መብዛቱ ጥላሸት ያመጣል፣ ማነሱ ግን ብረት ያቀልጣል። በዚህ መንገድ ለሚመላለስ መኪና 115 ይበቃዋል፤ ከደጋው ለማይወርድ ብቻ ነው 112።

5ኛው ላይ ድምፁ ተቀየረ። ሒሳቡ ሁሉ ለምን አስፈለገ፣ ባለሙያ ጂግለሩን በቆርቆሮ በይዶ በቀጭን መሰርሰሪያ ይበሳዋል፣ ሰፋ ካለ እንደገና ይደፍነዋል፣ ሰው ሁሉ ሲሠራበት የኖረው እንዲህ ነው አለ። መጽሐፍ የሚያነብ ሾፌር መኪናው ሁልጊዜ ጋራዥ ነው የሚል መርፌም ጣል አደረገበት።

6ኛው መርፌውን ዝም ብሎ አለፈና ሥራውን ያዘ። ጂግለር ቀዳዳ ብቻ አይደለም፤ የመግቢያው አፍ ተዳፋት አለው፣ ውስጡ የመስተዋት ያህል ለስላሳ ነው። በእጅ የተበሳ ቀዳዳ ዳሩ ሻካራ ስለሚሆን 1.15 በሆነ መሰርሰሪያ ተበስቶ የ110 ያህል ወይም የ118 ያህል ሊያሳልፍ ይችላል፤ ምን እንዳስገባህ አታውቅም ማለት ነው። ከዚህ ይበልጥ የወደድኩት ቀጥሎ ያለው ነው። ጠያቂው በሚኒሞ ይሸታል ብሏል፤ በሚኒሞ ጊዜ ደግሞ ቅልቅሉን የሚወስነው ዋናው ጂግለር አይደለም። በሚኒሞ የሚሸት ሞተር ወይ የሚኒሞው ማስተካከያ ብሎን በዝቶ ተከፍቷል፣ ወይ የሚኒሞው ጂግለር ትልቅ ነው፣ ወይ መርፌው አልዘጋ ብሎ ቤንዚኑ እየሞላ በጉሮሮው ይፈስሳል። ሦስተኛው ከሆነ ዋናውን ጂግለር 110 ማድረግ ቁስሉን ትቶ ጠባሳውን ማከም ነው። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ሞተሩ ሞቆ ይጥፋ፣ ፊልትሮው ይነሳ፣ በባትሪ መብራት ወደ ጉሮሮው ይታይ። ከዋናው አፍንጫ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ካለ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ብሎኑም ሲስተካከል ሞተሩ ሞቆ፣ ቀስ ብሎ እየተዘጋ ዙሩ መውደቅ ሲጀምር ሩብ ዙር ይመለስ፤ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ደግሞ በኃይል አይጠበቅ፣ ጫፉ ሾጣጣ ስለሆነ መቀመጫውን ይሰነጥቀዋል።

7ኛው ይህን ሁሉ አንብቦ የተሰላቸ ይመስላል። ፊያቱ ይሸጥ፣ ወይም የቶዮታ ኮሮላ ሞተር ይግባበትና ይገላገል አለ። 8ኛው በጣም ተቆጣ። ይህን ሞተር የነደፈው ፌራሪ ቤት የሠራው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ መሆኑን፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ቱሪን ላይ ስፓይደሩ (ጣሪያው የሚገለጠው 124 ስፖርት) ሲቀርብ ሁለት ካምሻፍት በጎማ ቺንጋ የሚዞርበት ሞተር ለገበያ መኪና አዲስ ነገር እንደነበር አስታወሰና፣ እንዲህ ያለ ሞተር አውጥቶ የሚጥል ሰው የአያቱን በርኖስ ለወለል መወልወያ የሚያደርግ ነው አለ። ስድቡን ትተን ያለው ነገር ትክክል ነው፦ የሞተር መቀመጫ፣ ካምቢዮው፣ የማስተላለፊያው ዘንግ ርዝመት፣ የራዲያተሩ ቦታ፣ የነዳጅ መመለሻ መስመር፣ ሁሉም አዲስ ሥራ ነው። በኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ የሚረጭ ሞተርም ቢሆን የሚያስተካክለው ቅልቅሉን እንጂ የአየሩን መሳሳት አይደለም። 90 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያለው ይህ ፊያት ደብረ ብርሃን ላይ 68 ያህል ይቀረዋል፤ ቶዮታውም ሩቡን እዚያው ይጥላል።

9ኛው ክርክሩን ለማብረድ ይመስላል ወደ መለዋወጫ ወሰደው። ላዳ የተወለደው ከፊያት 124 ነው፣ ላዳ ደግሞ አገሩን የሞላ ታክሲ ነበር፣ ስለዚህ ከላዳ ላይ ይወሰድ አለ። 10ኛው እያረመ ተከተለ፣ ትንሽም ሹል ነበር። ላዳ የወጣው ከተራው ባለ አራት በር 124 ነው፤ ሞተሩ አንድ ካምሻፍት ያለው፣ በሰንሰለት የሚዞር ሌላ ሞተር ነው፣ የኋላ ፍሬኑም ከበሮ ነው። የላዳ ሞተር ዋና ዋና ክፍሎች ለስፖርቱ አይሆኑም። ከሚጋሩት አንዱ የጎማ ቸርኬው አያያዝ ነው፦ አራት ቡሎን፣ ቡሎኖቹ የሚያርፉበት ክብ 98 ሚሊ ሜትር። ያም ቢሆን ቸርኬው የዲስኩን ካሊፐር እንዳይነካ በእጅ አዙሮ ማየት ያስፈልጋል። በየመንገዱ የሚገኘውን የ100 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ግን ማንም እንዳያስገባ አስጠነቀቀ። ቡሎኖቹ በግድ ይገባሉ፣ ይጠብቃሉም፤ ግን ሾጣጣ ጭንቅላታቸው በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚቀመጠው፣ ከትንሽ ጉዞ በኋላ ይላላሉ። ጣርማበርን እየወረዱ ጎማ ሲላላ መስማት የሚፈልግ ካለ ይሞክረው ብሎ ዘጋ።

11ኛው ላይ ነው በመጨረሻ አንድ ሰው ያቺን የተረሳች መስመር ያነሳት። ስለ ጂግለር ስትከራከሩ ይኼ ሰው ፍሬን የለውም ብሎ ጀመረ። ከጣርማበር አፋፍ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ቦታ፣ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ መኪናው ከ1,700 ሜትር የማያንስ ቁልቁለት ይወርዳል። ያ ሁሉ የቁልቁለት ጉልበት ወይ በሞተሩ ይያዛል ወይ ዲስኩ ላይ ሙቀት ይሆናል። ፔዳል መጀመሪያ ጠንካራ ሆኖ እየወረደ ሲሄድ የሚላላው የፍሬን ዘይቱ ካሊፐሩ ውስጥ ሲፈላ ነው፤ እንፋሎት ይጨመቃል፣ ዘይት አይጨመቅም። አዲስ ዶት 4 ዘይት 230 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ዓመታት ቆይቶ ከአየሩ እርጥበት የጠጣ ከሆነ ወደ 155 ይወርዳል። ዶት 3 ሲሆን 205 እና 140 ነው። በክረምቱ ጉም ደብረ ሲና ላይ የሚውል መኪና እርጥበቱን ቶሎ ይጠጣል። ሌላም አለ፣ ብዙ ሰው አያስበውም፦ የፍሬን ማጋዣው የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ማጋዣው ሊሰጥ የሚችለው ትልቁ ኃይልም በዚያው ልክ ያንሳል። ደብረ ብርሃን ላይ 30 ከመቶ ያህሉ የለም። ፔዳሉ እየከበደ ሄዶ መጨረሻ ላይ የሚላላ ከሆነ ሁለቱ ተደርበዋል ማለት ነው።

ሥራውንም ዘረዘረ። ዘይቱ ከጠርሙስ አዲስ የተከፈተ ዶት 4 ይሁን፣ አንድ ሊትር ይበቃል። አሮጌውን ከመያዣው በሲሪንጅ መምጠጥ፣ መያዣውን ማጽዳት፣ አዲስ መሙላት፣ ከዚያ ከሩቁ እግር መጀመር፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ላስቲክ ቱቦ ጫፉ ዘይት ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ይጠለቅ፣ አንድ ሰው ፔዳል ይርገጥ፣ ሌላው ብሎኑን ይክፈት ይዝጋ፤ ፔዳሉ ከመለቀቁ በፊት ብሎኑ መዘጋት አለበት፣ አለዚያ አየሩን መልሶ ይጠጣል። ከእያንዳንዱ እግር የሚወጣው ጥርት እስኪል ድረስ ይቀጥል። የላስቲክ ቱቦዎቹ ሁሉ ዕድሜያቸው ካልታወቀ ይቀየሩ፤ ከውጭ ደህና መስለው ውስጣቸው አብጦ ዘይቱን ወደ ኋላ አልመልስም ይላሉ፣ ካሊፐሩም ሳይለቅ እየተጎተተ ይሞቃል።

የኋላ ካሊፐር ላይ ደግሞ ቆም አለ። የፍሬን ሸራ ሲቀየር ፒስተኑ በማጥበቂያ ተጭኖ አይመለስም፤ የእጅ ፍሬኑ ራሱን የሚያስተካክልበት ብሎን ውስጡ አለ፣ እየተጫነ በሰዓት አቅጣጫ እየዞረ ነው የሚገባው። በግድ የተጫነ እንደሆነ ያ ብሎን ይሰበራል፤ ከዚያ በኋላ የእጅ ፍሬኑ አይይዝም፣ ፔዳሉም ረጅም ይሆናል። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሽብልቆች ዝገታቸው በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ የፍሬን ቅባት በስሱ ይቀባቸው። ከኋላው አክስል ጋር በብረት ዘንግ የተያያዘው የፍሬን ግፊት ማመጣጠኛም በእጅ ይነቅነቅ፤ ከደረቀ የኋላው ፍሬን ወይ አይሠራም ወይ ቀድሞ ይቆልፋል። ስለ አነዳዱ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ፣ ፎሌ (ባዶ ማርሽ) የሚባል ነገር ጣርማበር ላይ የለም። ቁልፍ አጥፍቶ ቤንዚን ለመቆጠብ የሚወርድ ካለ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጠ በኋላ ማጋዣው ባዶ መሆኑን ይወቅ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ለትንሽ ጊዜ ፀጥ አለ። 12ኛው ስለ ጎማ አነሳ፤ 165 በ13 ጎማ ደብረ ብርሃን ላይ 26 ፒ.ኤስ.አይ. ከተነፋ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የውጩ አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው 2 ያህል ቀንሶ ያነባል፣ ስለዚህ አስቀድሞ መጨመር ነው አለ። 13ኛው የመጀመሪያውን ግማሽ ተቀብሎ ሁለተኛውን ጣለው። ጠዋት 10 ዲግሪ ላይ የተነፋ ጎማ ቆላ ወርዶ 35 ዲግሪ ሲሆን ሙቀቱ 3 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይመልሳል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ፣ እንዲያውም ትንሽ ይተርፋል። የሚሻለው አለመንካት ነው። 12ኛው አመስግኖ ተመለሰ፤ በዚህ ክር ውስጥ የታረመ ሰው ያመሰገነው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

14ኛው ስለ ብርዱ ጻፈ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ንጹሕ ውኃ ብቻ የያዘ ራዲያተር አደጋ ላይ ነው፤ ከሦስት እጅ አንዱ ፀረ በረዶ ፈሳሽ ከሆነ ከዜሮ በታች 17 ዲግሪ ገደማ ድረስ ይቋቋማል። ፈሳሹ ለቀኑም ይጠቅማል፣ ፖምፓውንና የአሉሚኒየም ቴስታታውን ከዝገት ይጠብቃል። የራዲያተሩ ክዳንም ደጋ ላይ ቀላል ነገር አይደለም፦ ደብረ ብርሃን ላይ ክፍት ውኃ ወደ 90 ዲግሪ ተኩል ሲደርስ ይፈላል፣ 0.8 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን ግን እስከ 111 ያደርሰዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ያለው መኪና ሞቀብኝ ቢል ቴርሞስታቱን ለመንቀል አይቸኮል። ሌላ አንዱ፣ 15ኛው፣ ሌሊት ሞተሩን በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ መሸፈን ይበቃል አለ፤ አንዱ ደግሞ የመንዝ በርኖስ ይሻላል ብሎ ቀለደ፤ 17ኛው ጠዋት መሸፈኛውን ረስቶ ቁልፍ ያዞረ ሰው የመውጫው ማኒፎልድ ላይ ምን እንደሚያነድ ቢያስብ ጥሩ ነው ብሎ ቀልዱን አቆመው።

18ኛው ወደ ቃላት ወሰደን። ጠያቂው በጣሊያንኛ የተጻፈ የጥገና መጽሐፍ እንዳለው በመሃል ጠቅሶ ነበርና፣ ጣሊያንኛ የማያውቅ የደብረ ብርሃን መካኒክ ግማሹን ያነበዋል አለ፦ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፎሌ፣ ሁሉም እዚያ አሉ። እውነቱን ነው። ነገር ግን ቀጠለና መንገዱንም የጣርማበርን ዋሻም ጣሊያን ሠራልን ማለት ሲጀምር 19ኛው አላስጨረሰውም። ዋሻው በወረራው ዘመን የተፈለፈለው ጦር ለማመላለስ ነው፣ በዚያው ዘመን አበበ አረጋይና አርበኞቹ በዚሁ በሸዋ ተራራ ይዋጉ ነበር፤ ቃሉን ተዋስን ማለት ውለታ አለብን ማለት አይደለም ብሎ ቁርጥ አደረገው። ሁለቱ ለሦስት ምላሽ ያህል ተመላለሱ። የፊያቱ ነገር ስለሌለበት አልፌዋለሁ።

23ኛው የጠያቂው ነው፣ ያገኘውን ይዞ ተመለሰ። የመርፌው ጫፍ ላይ 2ኛው ሰው ያለው ቀለበት ተገኝቷል፤ ሞተሩ ሲጠፋም ከአፍንጫው ቤንዚን ይንጠባጠብ ነበር። መርፌና መቀመጫው ተቀየሩ፣ የሚኒሞው ሽታ ጠፋ። ከባልቦላዎቹ ሰባቱ ከልካቸው ብዙ አልራቁም፤ የሦስተኛው ሲሊንደር መውጫ ግን 0.30 ሆኖ ተገኘ፣ ሳህኑ ተቀየረ። የፍሬን ዘይቱ ከኋላ ቀኝ ሲወጣ የጀበና አተላ ይመስል ነበር፤ ብርጭቆው ሥር ጥቁር ዝቃጭ አስቀርቷል። ዋናው ጂግለር ገና 120 ነው። ጣርማበር ላይ ጭሱ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም፤ ካንዴላው በ3ኛው ሰው ዘዴ ተፈትቶ ጠቆር ያለ ቡኒ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ፈካ ያለ ቡኒ።

24ኛው 0.30ው አሳስቦታል። የመውጫ ባልቦላ ክፍተት በራሱ የሚጠበው ባልቦላው መቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ሲሄድ ነው። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች እርሳስ ያለበት ቤንዚን እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ቀርቷል፤ ድሮ መቀመጫውን የሚያለሰልሰው እርሳሱ ነበር። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ያው ባልቦላ ይለካ፤ እንደገና ከጠበበ ሳህን መቀያየሩ መፍትሔ አይሆንም፣ ቴስታታው ወርዶ መቀመጫው ይሠራል።

25ኛው ሽፋኑ ከተከፈተ አይቀር ቺንጋውም ይታይ አለ። ዕድሜው ካልታወቀ ይቀየር፤ ከተበጠሰ ባልቦላና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ። ሲቀየር የኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) እና የሁለቱ ካሞች ምልክት ብቻ አይበቃም፣ ከሥር ያለችው ትንሿ ፑሌጃም ቦታዋን መጠበቅ አለባት። ዲስትሪቢዩተሩን የምታዞረው እሷ ናት፤ ዘንጓ ላይ ደግሞ የቤንዚን ፖምፓውን የሚመታ ካም አለ፣ ቦታው ከተሳሳተ የሁለተኛውን ሲሊንደር ቢዬላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያያይዘው ዘንግ) ሊመታ ይችላል። የመወጠሪያው ዳዶ ላልቶ፣ ሞሏ ቺንጋውን ወጥራ፣ ሞተሩ በራሱ አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ ዞሮ ነው የሚጠበቀው። ወደ ኋላ ፈጽሞ አይዞርም፤ ቺንጋው ጥርስ ይዘልላል።

26ኛው ቀድሞ ሒሳቡን የሠራው 4ኛው ሰው ነው። ደጋው ላይ ጠቆር፣ ቆላው ላይ ፈካ ማለቱ ከሒሳቡ ጋር እንደሚገጥም ተናግሮ፣ አሁን 115 ይግባና ሸዋ ሮቢት ላይ በቀኑ ሙቀት ዳገት ሲጀመር ጆሮ ይጣል፤ ከተንኳኳ እሳቱ በ2 ዲግሪ ወደ ኋላ ይመለስ አለ። 5ኛው ሳይታሰብ ተመልሶ አንድ ያልተነካ 115 በእጁ እንዳለ ጻፈ፣ ያልተበሳ መሆኑንም አስረግጦ።

የመጨረሻው፣ 28ኛው፣ ከ11ኛው ሰው ነው። ጠያቂው ስለ መርፌው፣ ስለ ባልቦላውና ስለ ዘይቱ ሁሉ ጽፏል፤ የላስቲክ ቱቦዎቹ ተቀየሩ ወይስ አልተቀየሩም፣ የኋላ ፒስተኖቹስ ዞረው ነው የገቡት ወይስ ተጭነው፣ እሱን አልጻፈም ብሎ ጠየቀ። እስካሁን አልተመለሰለትም።